የእህቴ ልጅ አለበት

ጓ! … ጓ! ጓ!

መዶሻ ነው። ፈለቀች ሻርፗን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ እንደተጋደመች ሰማችው። የዚያን እሁድ ራስ ምታት ከቤተ ክርስቲያን አስቀርቷት መጋረጃውን ዘግታ ነበር የተኛችው። ጉርድ ሾላ ደግሞ መዶሻ ብርቅ አይደለም፤ ከግቢዋ ጀርባ ፎቅ ይሠራል፣ ከፊት ለፊቷ ለሌላ ፎቅ መሠረት ይቆፈራል፣ ከአስፋልቱ ማዶ ትናንት የተሠራው ይፈርሳል። «እነዚህ ሰዎች እሁድን እንኳ አያከብሩም» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጓ… ጓ… ድምፁ ሲደጋገም እንደ እሹሩሩ ሆነላትና እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

በኋላ ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይሄ ነበር። ቤቷ ሲፈርስ፣ በሚፈርስበት ድምፅ እሹሩሩ ተብላ መተኛቷ።

ስትነቃ ግቢው ጸጥ ብሏል። ራሷም ለቀቅ አድርጓታል። የእሁድ ምሳ በዚያ ቤት ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ነው የሚሠራው፤ ቆጮውን ቆራርሳ፣ ጎመኑን በቅቤ አሽታ፣ በሳህን አድርጋ ሌላ ሳህን ደፋችበትና ግቢው ጥግ ወዳለችው ሰርቪስ ክፍል ሄደች። ተከራይዋ ያቤጽ እዚያ ነው የሚኖረው።

«ያቤጽ! አንተ እንቅልፋም! ምሳ!»

መልስ የለም። ውሃ የሚፈስ ድምፅ ግን ሰማች። በሩን በክርኗ ገፋ ብታደርገው ከላይኛው ማጠፊያ ተላቅቆ ኖሮ ወደ ውስጥ ዘመመ።

ወለሉ ላይ አንድ ደህና ሴራሚክ አልተረፈም። ኮርኒሱ ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል፤ የእጅ መታጠቢያው ለሁለት ተከፍሏል፤ ከተነቀለው ቧንቧ ውሃው እየተንፎለፎለ ነጩን ፍርስራሽ ያጥበዋል። ግድግዳው መዶሻ ያላረፈበት ቦታ የለውም። አልጋው አለ፤ ሻንጣው ግን የለም፤ ጊታሩ የለም፤ ያቤጽ የለም። መዶሻው መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሰው ተውሶ እንደሚመልሰው ዕቃ፣ በሥርዓት ተቀምጧል። መዶሻው የእሷ ነው። ሚስማር ልምታበት ሲላት ያዋሰችው እሷ ናት።

ምሳውን እንደያዘች ቆመች። ውሃው ጫማዋ ውስጥ ገባ፤ አልተንቀሳቀሰችም።

ያቤጽ ከሶዶ የመጣ ልጅ ነው፤ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እናት አባት የለውም። ፈለቀች ደግሞ ባሏን ቀብራ፣ ልጅ ሳይሰጣት፣ ግቢውን ከአንድ ሮማን ዛፍ ጋር ተካፍላ የምትኖር ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣ ሰሞን ክፍሏ እርጥበት የበላት፣ ወለሏ የተፈረካከሰ ጎተራ ነገር ነበረች። ልጁ ከሥራ በተረፈው ጊዜ፣ ከፋብሪካ ጓደኞቹ አንዱን እየጠየቀ፣ ሴራሚኩን አንድ በአንድ አነጠፈ። ክር ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንሽ ከተዛነፈ ነቅሎ እንደገና ያስቀምጣል። «ቤተ መንግሥት ልታደርጋት ነው እንዴ?» ትለዋለች። «ሰው የሚኖርበትን ቤት ማሳመር አለበት፣ እትዬ» ይላታል።

እትዬ ማለት የቀረው የወረዳ ሰዎች የመጡ ቀን ነው። ቤት የሚያከራይ ሁሉ ይመዝገብ፣ ግብር ይክፈል የተባለ ጊዜ፣ ሁለት ሰዎች በሯን አንኳኩ። ብርኽቲ፣ ከበሩ አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤቷ፣ ነገር እንዳያመልጣት ብቅ ብላ ቆማለች። ያቤጽ ከዕቃ ማጠቢያው ቀና አለ።

«ይሄ ተከራይ ነው?» አሉ ሰዎቹ።

«ምን ተከራይ አለው!» አለች ፈለቀች፣ እጇን አወናጭፋ። «የእህቴ ልጅ ነው!»

እሷ የዱራሜ፣ እሱ የሶዶ፤ የወረዳ ሰዎች ግን ሁለቱንም «ከደቡብ» ብለው ያልፏቸዋል። አለፏቸው።

«አንቺ ሴትዮ» አለቻት ብርኽቲ ሰዎቹ እንደሄዱ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «ጴንጤ አይዋሽም ስትዪኝ አልነበር?»

«ውሸት አይደለም፤ ሁላችንም በጌታ ዘመድ ነን።»

«ኧረ በጌታስ እኔም ዘመድሽ ነኝ፤ የወሰድሽውን ዘይት ክፈዪኛ!»

ማታ ያቤጽ በሩን አንኳክቶ «ደህና አመሹ፣ አክስቴ?» አላት። ሳቁ። ቀልዱ ግን በዚያው ቀረና ስም ሆነ። ጨጓራዋ ተነስቶባት ሆስፒታል ያደረች ጊዜ፣ ነርሷ አጠገቧ ሆኖ የሚያስታምማትን ያቤጽን አይታ «ምንሽ ነው?» ብትላት «የእህቴ ልጅ» ያለቻት ማንንም ልታታልል ብላ አልነበረም። አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነበር።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው መዶሻው።

ስልኩን አያነሳም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቢያስጠሩት አልመጣም። አንድ ቀን ፋብሪካው በር ላይ ሄዳ ጠበቀችው፤ ከሩቅ አይቷት በሌላ በኩል ዞሮ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። አውቶቡሱ በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ አድርጎ ነበር።

«እከሰዋለሁ» አለች።

«እህት ፈለቀች» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። አማኝ አማኝን ፍርድ ቤት አያቆምም። ይልቅ ተበደዪ።»

«ተበድያለሁ እኮ! ለምን እንደተበደልኩ ልወቅ እንጂ!»

እንግዲህ ጭንቋ ይሄ ነው። ግድግዳውን ማንም ይለስነዋል፤ ሴራሚክም የሚገዛበት ሞልቷል። እሷ የፈለገችው ያ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ፣ ዓይኗን እያየ፣ ለምን እንዳደረገው እንዲናገር ብቻ ነበር። ሌሊት ሌሊት «ምን አድርጌው ነው?» እያለች የራሷን ኑሮ ስትበረብር ታድራለች፤ የምታገኘው ግን ቆጮና ጎመን፣ ጸሎትና ሳቅ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ስለሆነ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተቀጠሩ። ችሎቱ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ዳኞች፣ እንደ ነገሩ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች። ሰብሳቢው አቶ መኩሪያ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሽማግሌ ናቸው። ያቤጽ ገብቶ ማዶ ተቀመጠ። ለገና የገዛችለትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። «ዓይኑን በጨው የታጠበ!» አለች ፈለቀች በልቧ። ግን ከስቷል። መክሳቱን በማየቷ ደግሞ በራሷ ተናደደች።

ክሱ ተነበበ። አቶ መኩሪያ ቀና አሉ።

«ሰምተሃል። የተከራየኸውን ቤት አፍርሰህ ጠፍተሃል ነው የሚሉት። መልስህ ምንድን ነው?»

«ተከራይ አይደለሁም።»

«ምንድን ነህ ታዲያ?»

«የእህታቸው ልጅ ነኝ።»

ፈለቀች የሰማችውን አላመነችም። «ምን?»

ያቤጽ የሚናገረው ለጠረጴዛው እግር ይመስል ነበር። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እሳቸው ናቸው። የወረዳ ሰዎች ሲመጡ በር ላይ ቆመው ተናግረዋል። ወይዘሮ ብርኽቲም ነበሩ፤ ይጠየቁ። የእህት ልጅ እንዴት ተከራይ ተብሎ ይከሰሳል?»

ዳኞቹ አንገት ላንገት ተጠጋጉ። ፈለቀች ጆሮዋ ጮኸ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ይላል ሰው። በዚያ ቃል ሸፍናው ነበር፤ በዚያ ቃል ጠርታ አብልታው ነበር። አሁን ቃሉን ከእጇ ተቀብሎ፣ እንደ መዶሻው፣ መልሶ ሊመታት አነሳው።

«ምስክር ትቅረብ» አሉ አቶ መኩሪያ።

ብርኽቲ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን መጽሐፉ ላይ አድርጋ ማለች። የመጣችው ለፈለቀች ልትመሰክር ነው፤ ግን ምላስዋን አስሮ የሚያውቅ የለም።

«የእህቴ ልጅ ነው ብለዋል ወይ?»

«ብላለች። ዓይኔ እያየ ጆሮዬ እየሰማ። ግን ዳኛዬ፣ እዚህ ከተማ የወረዳ ሰው በር ሲያንኳኳ ስንቱ ነው በአንድ ጀንበር ዘመድ የሚያፈራው!»

ከዳኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ደግሞ» አለች ብርኽቲ፣ ሳቁን አይታ ሞቅ ብሏት፣ «ለደላላውም ያንኑ ነው ያለችው።»

«የቱ ደላላ?»

«ቤቱ ከመፍረሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ የመጣው ነዋ! ከሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ባለ ከረባት ይዞ መጣ። እናያለን ብለው ድርቅ አሉ፤ አየት አድርጉና ሂዱ አለቻቸው። በነጩ ሴራሚክ ላይ በጭቃ ጫማቸው ተመላለሱበት። ሰውዬው ወደደው፤ እሷ ከምትቀበለው እጥፍ ልክፈል አለ። እኔማ ‹ሞኝ አትሁኚ፣ ተቀበዪ› ብዬ ጎኗን ጎሸም አደረግኋት። ‹አይሆንም፣ የእህቴ ልጅ አለበት› አለች። ደላላው ‹ይውጣልሻ› ቢላት፣ ‹አግብቶ ካልሆነ ከዚህ ቤት አይወጣም› ብላ አባረረቻቸው። ያን ቀን እንግዲህ የወረዳ ሰው አልነበረም፤ ማንን ፈርታ ነው?»

ብርኽቲ ነጠላዋን መለስ አድርጋ ተቀመጠች።

ፈለቀች ያ ቅዳሜ ምሽት መጣባት። ያቤጽ ከሥራ ገብቶ፣ ክፍሉን ከፍቶ፣ ደፉ ላይ ቆሞ የቀረበት ምሽት። «አክስቴ፣ ዛሬ ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?» አላት። «ማን ይመጣል ብለህ?» አለችው። ምን ያስጨንቀዋል ብላ ነው፤ ነገሩ ላይሆን ነገር። እሱም ጎንበስ ብሎ ከሴራሚኩ ላይ አንድ ነገር በጣቱ ጠረገና «ምንም» ብሎ በሩን ዘጋ። ድካም ነበር የመሰላት።

ቀና ብላ አየችው። ያቤጽ ብርኽቲን ነው የሚያየው፤ አፉ ከፈት ብሎ ቀርቷል፤ ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋይ የት እንደሄደ አይታወቅም።

ታዲያ ይሄ ነው? አለች በልቧ። የጫማ ዳና አይቶ ልታስወጣኝ ነው ብሎ ነው? ያን ሁሉ ዘመን አብረን የበላነው ከአንድ ጭቃ ዳና አይከብድም? ደግሞ ጠይቆኝ ነበር፣ ዋሽቼዋለሁ ብላ ራሷን ልትወቅስ ጀመረችና ተወችው። እሷ አንድ ቃል ነው የዋሸችው። እሱ አንድም ቃል ሳይናገር ቤቱን አፈረሰው፤ ያፈረሰውም እሷ አጠገቡ ተኝታ ነው።

«ወይዘሮ ፈለቀች» አሉ አቶ መኩሪያ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው። «ነገሩ በእርስዎ ቃል ላይ ወድቋል። ዘመዴ ነው ካሉን ወደ ሽማግሌ እንመልሳችኋለን፤ ታርቃችሁ ትኖራላችሁ። ተከራይ ነው ካሉ ክሱ ይቀጥላል፤ ግን ያን ጊዜ የወረዳውን ሰዎች ዋሽተዋል ማለት ነው። ቢሯቸው እዚሁ ታች ነው» ብለው ፈገግ አሉ። «የቱ ነው?»

ያቤጽ ያኔ ዞሮ አያት። ከዚያ እሁድ ወዲህ ዓይኑን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ «አክስቴ» ሊል መሰላት። አንድ አፍታ ያህል ክፍሏን አየቻት፤ ልጁ ክር ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተንበርክኮ። «ዘመዴ ነው» ብትል ይበቃ ነበር። ልትልም አፏን ከፈተች።

ጓ! ጓ! ጓ! አለ ጆሮዋ ውስጥ።

«ተከራይ ነው» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «የወረዳውን ሰዎች ዋሽቻለሁ፤ የሚጠይቁኝን ይጠይቁኝ። እኔ እህት የለኝም። የእህት ልጅም የለኝም።»

«ፈሌ!» አለች ብርኽቲ።

አቶ መኩሪያ ቃሏን መዝገቡ ላይ አሰፈሩ። ከዚያ ወደ ማዶ ዞሩ። «ሰምተሃል፣ ልጄ። እንግዲህ አንተ ንገረን። ይሄን ቤት ለምን አፈረስከው?»

ፈለቀች በወንበሯ ጫፍ ላይ ወደ ፊት አለች። የመጣችበት ጥያቄ ይሄ ነው። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አቆላለፈች።

ያቤጽ ተነሳ። የሰማያዊውን ሹራብ እጅጌ ወደ ታች ሳበው። አንድ ነገር ሊናገር አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ዳኞቹም ጠበቁ፤ እሷም ጠበቀች። ተንፍሶ ተወው። ከዚያ ዞሮ የተቀመጠበትን ወንበር አነሳና አጠገቡ ካሉት ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አይቶ፣ ትንሽ ወደ ግራ ገፋው። ተስተካከለ።

«ወጣት! ችሎት ላይ ነህ እኮ!» አሉ ዳኛው።

አልዞረም። በሩን ከፍቶ ወጣ፤ እንዳይንኳኳ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘጋው።