መቶ አሥራ ስድስት

ታላቅ ወንድሜን ቤተሰቡ ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መቀሱ ቢያርፍ ምላሱ አያርፍም። እኔ ታናሽ እህቱ ደግሞ የስፖርት አሠልጣኝ ነኝ፤ ከሰው ወሬ ይልቅ ቁጥር አምናለሁ።

አምና ቦርጩን ይዞ ወደምሠራበት ጂም መጣ። አዲስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ጤናው ቅጽ ይሞላል። ለእሱ አልሰጠሁትም። አብረን ያደግን፣ ምኑ ይደበቀኛል ብዬ ነው። ወይ ጥጋቤ!

ሂሳቡን ግን ሠራሁለት። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜውን፣ ሃምሳ አራትን፣ ስቀንስ መቶ ስድሳ ስድስት፤ ልቡ በደቂቃ ቢበዛ የሚመታው ይህን ያህል ነው ማለት ነው። የዚያ ሰባ በመቶ መቶ አሥራ ስድስት።

«ከዚህ በታች ሽርሽር ነው» አልኩት።

መሮጫ ማሽኑ ላይ ወጥቶ ስለ አንድ ራሰ በራ ደንበኛው ማውራት ጀመረ። እጁ ላይ ያሰርኩለት ሰዓት የሚያሳየው የልብ ምት ቁጥር ዘጠና ስምንት ላይ ቀጥ አለ። ፍጥነት ጨመርኩ፤ ዘጠና ስምንት። ዳገት አደረግኩት፤ መቶ።

«ጋሼ፣ እየለገምክ ነው! ወሬውን ተውና እግርህን አንቀሳቅስ!» ምላሴን በቆረጠው።

«እሺ፣ አለቃ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።

እሱ ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ በገዛ እጄ የለጠፍኩት ወረቀት «ማውራት ካቃተዎት ፍጥነት ይቀንሱ» ይላል። እኔ ዓይኔን ከቁጥሩ አልነቀልኩም። መቶ ሁለት ሲገባ «ጎበዝ!» አልኩት። ያኔ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ።

«የሚወስደው የደም ግፊት ክኒን የልቡን ምት ይይዘዋል» አለኝ ሆስፒታል ሐኪሙ። «ልቡ ቢጨነቅም ቁጥሩ አይወጣም። አልነገረሽም?»

አልጠየቅኩትም። ቅጹ ላይ አራተኛው ጥያቄ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚል ነበር።

ነፍሱ ተረፈች፤ ልቡ ግን ተጎድቷል። ቆሞ መሥራት ስላልቻለ ፀጉር ቤቱን ለሌላ ሰው ለቀቀ። አሁን ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ቀስ ብለን እንራመዳለን። ሰዓት አላስርለትም፤ ወሬውን ነው የማዳምጠው። አንዱን ቀልድ ይጀምርና ግማሹ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቆመን እንጠብቃለን።

«እህትዓለም፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ» ይለኛል።

«ቀልዱን ጨርስልኝ» እለዋለሁ።

ብዙውን ጊዜ ሳይጨርሰው ይደክመውና እንገባለን።