ደረጃ የለውም የተባለው ገበያ

«ሰማንያ ሁለት ኪሎ ናት። ከነወንበሩ መቶ ታልፋለች» አለ ክሊፍ፣ የመርከቡ በረንዳ ላይ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ።

ቤሪል ከመስታወቱ በር ወዲህ ጸጉሯን እያበጠረች ነበር። ማበጠሪያው አየር ላይ ቀረ።

«ክሊፍ! ለማን ነው የምትሸጠኝ?»

ክሊፍ በእጁ «ቆይ» አላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ቤሪል ዝቅ ያለ ድምፅ አትወድም። ዊልቸሯን ገፍታ በሩ ላይ ስትደርስ እሱ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ሊከት ነበር።

«ጋስፓሬ ነው፤ የነገው ሹፌራችን» አለ።

«ሹፌር ነው ወይስ ሥጋ ቆራጭ? ኪሎዬ ምን ሊያደርግለት ነው?»

«የመኪናው መወጣጫ ሳንቃ እንዳይሰበር ነዋ።»

«ሳንቃ ያለው ሰው ሳንቃው ምን ያህል እንደሚችል ያውቃል። ኪሎ የሚጠይቅ ሰው ሊሸከም ያሰበ ሰው ነው። ደግሞ ሰማንያ ሁለት አይደለሁም።»

ክሊፍ የመጨረሻዋን ነገር ላለመከራከር ያህል ዕድሜ አብሯት ኖሯል። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ቤሪል ላይ መፍረድ አይቻልም። የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲሁ በመርከብ ሲዞሩ፣ አንዲት የግሪክ ደሴት ላይ አንድ ፈገግታ የማያልቅበት ሹፌር «ችግር የለም፣ ችግር የለም» እያለ ወስዷቸው ነበር። ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ሲያዩት ደረጃው አያልቅም። ሹፌሩ ወደ ካፌው አፏጨ፤ አራት ጎረምሶች መጡና እሷን ከነወንበሯ ብድግ። አንዷ ጫማዋ መሃል ላይ ወልቃ ቀረች፣ ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት፣ በር ላይ የቆሙት ቄስ አስከሬን የመጣ መስሏቸው አማተቡ። ከዚያ በኋላ በቀሩት ወደቦች ሁሉ ቤሪል መርከቡ ላይ ቀረች። ሌሎቹ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ ከረጢታቸው ሞልቶ ሲመለሱ ከላይ ሆና አየቻቸው። አገሯ እንግሊዝ ስትገባም ማለች። ከእንግዲህ በራሷ ጎማ ካልሆነ መሬት አትወርድም፤ ሰው እንደ ጆንያ አያነሳትም። ክሊፍም አብሮ ማለ።

ለነገይቱ ወደብ፣ ለሲሲሊዋ ካታኒያ ግን ነፍሷን ትሰጥ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ስለ እሳተ ገሞራው፣ ስለ ካቴድራሉ ያወራል፤ ቤሪል የምትፈልገው የዓሣ ገበያውን ነው። እግሯ እምቢ እስኪላት ድረስ አገሯ ግሪምስቢ ወደብ ላይ ዓሣ ስትሸጥ ኖራለች። ኮድ የሚባለውን ዓሣ ስትዘለዝል፣ ሀዶክ የሚባለውን ስታጥብ ያረጀች ሴት ናት። ባለ ሰይፉን ዓሣ ግን ከነሰይፉ፣ ከነዓይኑ፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ አይታው አታውቅም።

ክሊፍን በረንዳው ላይ ትታው ወደ መርከቡ የጉብኝት ዴስክ ወረደች። እዚያ ቴዎዶራ የምትባል ሩማንያዊት ልጅ ትቀመጣለች።

«የዓሣ ገበያው ደረጃ አለው ወይስ የለውም?» አለቻት።

ቴዎዶራ ፎቶ አወጣች። ፏፏቴ፣ ከፏፏቴው ጎን ወደ ታች የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ ቀይ ጥላና ዓሣ። «አዝናለሁ ማዳም። በዊልቸር የሚሄዱ እንግዶቻችን ግን ከተማውን በአውቶቡስ ማየት ይችላሉ።»

«ካውቶቡስ ሳልወርድ? በመስኮት?»

«መስኮቱ በጣም ትልቅ ነው ማዳም።» ከዚያ ልጅቷ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «የራሳችሁን መኪና ከያዛችሁ ደግሞ ይወቁት፤ የኛ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። የውጭ ሹፌር ቢያዘገያችሁ ግን አይጠብቅም።»

ቤሪል ወደ ክፍሏ ስትመለስ ፊቷ ያበራ ነበር። መጠርጠሯ ልክ ሆኖ ሲገኝ ከሚሰማት ደስታ የሚበልጥ ደስታ ብዙ የላትም።

«ውሸታም ነው ሰውዬህ። በዓይኔ አየሁት ደረጃውን። ደውልለት፤ ድምፁንም ክፈተው።»

ጋስፓሬ ገና ስልኩ ሳይጠራ አነሳ። ወጣት ሳለ እንግሊዝ አገር ቤድፎርድ የጡብ ፋብሪካ ሠርቷልና ቋንቋው አይቸግረውም፤ እንዲያውም ያበዛዋል።

«ሲኞራ! እንዴት አመሹ?»

«ደህና። የገበያው መግቢያ ደረጃ አለው?»

«የለውም።»

«ፎቶውን አየሁት እኮ!»

«እሱ የቱሪስት ነው ሲኞራ።»

«ለቱሪስት ብቻ የተሠራ ደረጃ አለ እንዴ?»

«ዓሣው በየት የሚገባ ይመስልዎታል? በረዶው የሚመጣው በጋሪ ነው። ጋሪ ደረጃ ይወርዳል?»

 ቤሪል ግሪምስቢ ያሳለፈችውን ዕድሜ ሁሉ በሐሳቧ ዞረችው፤ ደረጃ የሚወርድ የበረዶ ጋሪ አንድም አላገኘችም። ይህን እሷው ማሰብ ነበረባት። ክሊፍ ሳቁን ወደ ባሕሩ አዞረው።

«እሺ፣ ኪሎዬን ለምን ፈለጉት?»

«ሳንቃው አሮጌ ነው ሲኞራ። ጀርባዬም አሮጌ ነው።»

ይህቺን ወደደቻት። ነውሩን የሚናገር ሰው ግማሽ መንገድ ይታመናል። «ሽንት ቤትስ?»

«ገበያው ውስጥ ያለው በሩ ጠባብ ነው፤ አያስገባዎትም። አደባባዩ ላይ ሆቴል አለ፣ እሱ ሰፊ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ይሠራል።»

ቤሪል ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው። «አየህ? ዘመድ መምጣት ጀመረ።»

«ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ምን ያደርግሻል?»

«በግሪኩም ያው ነበር። መጀመሪያ ዘመድ ይጠቀሳል፤ ቀጥሎ ዘመዱ እጅጌውን ይሰበስባል።» መዳፏን አነሳች። «ጋስፓሬ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ሰው አያነሳኝም። ገባዎት?»

«ገብቶኛል ሲኞራ። በጎማዎ ይገባሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ጋስፓሬ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። አጭር፣ ሆዳም፣ የመኪናው መስታወት ላይ የቅድስት አጋታን ሥዕል የሰቀለ ሰው። ቤሪል ሰላም ከማለቷ በፊት ሳንቃውን አየችው። ፊት ጎማዋን አሳርፋ ሞከረችው፤ ሳንቃው ሲጥ አለ እንጂ አልተበገረም። ከመኪናው ኋላ ሁለት ወጠምሾች ሲጋራ ያጨሳሉ።

«እነዚህስ?»

«አላውቃቸውም።»

«ለምንድን ነው ታዲያ የሚያዩን?»

«ሲሲሊ ነው ሲኞራ። ሰው ሰውን ያያል።»

መኪናው ተነስቶ በመስኮቱ እስኪጠፉ ድረስ ቤሪል ዓይኗን ከልጆቹ ላይ አላነሳችም።

ጋስፓሬ በባቡር ሐዲዱ ቅስት ሥር አለፈና አንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ ቆመ። ግድግዳው ጥቁር፣ መሬቱ እርጥብ፣ ሰው የለም፤ የዓሣ ሽታ ብቻ። ቤሪል ወርዳ ዙሪያዋን ስታይ ፏፏቴም አደባባይም አጣች። ከኋላዋ የጎማ ቦቲ የተጫሙ ሁለት ሰዎች በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣሉ።

«ማንም እንዳይነካኝ!» ብላ ጮኸች፤ ሁለቱንም ጎማዎቿን ጨብጣ።

ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ። ከዚያ በግራና በቀኝ አለፏት። የሚገፉት የበረዶ ጋሪ ነበር።  ቤሪል ጉንጯ እንደቀላ ጋሪውን ተከትላ ገፋች። ድንጋዩ አንገጫገጫት፣ ቦይ ነበር ተሻገረችው፣ የውሃ ቱቦ ተዘርግቶ ነበር ረገጠችው። ድንገት ቀዩ ጥላ ከላይዋ ተዘረጋ፤ ጩኸቱ፣ ቢላው፣ ቅርፊቱ ሁሉ በአንዴ መጣባት። ገብታለች። በጎማዋ ገብታለች።

ባለ ሰይፉ ዓሣ ሰይፉን ወደ ሰማይ አቁሞ ተጋድሟል። ቤሪል ጎንበስ ብላ ዓይኑን አየችው። ቀጥሎ ግን የለመደችውን አደረገች፤ ጣቷን ሰድዳ መተንፈሻውን፣ ስንጥቡን፣ ገለጥ አደረገችው።

«መቼ ነው የተያዘው ይበሉት።»

ጋስፓሬ ጠየቀ። ነጋዴው እጁን ደረቱ ላይ አኖረ። «ዛሬ ንጋት ላይ ነው ይላል። በእናቱ ይምላል።»

«እናቱን ከዚህ ያውጣቸው። ይህ የጠቆረ ስንጥብ የትናንት ነው።»

ሲተረጎምለት ነጋዴው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ዓሣ አወጣላት። ያኛውን ለማን ሊሸጠው እንዳሰበ ሳይጠየቅ በዓይኑ ፎቶ ወደሚያነሱት ቱሪስቶች አመለከተ። ቤሪል ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ሽሪምፕ አሸተተች፣ ኦክቶፐስ ቆነጠጠች፣ ቢላውን ያልሳለውን ነጋዴ ሁሉ ወቀሰች። ክሊፍ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አሳያት፤ ሁለቴም ገፋችው። በሦስተኛው መርከቡ እንደማይጠብቅ አስታወሳትና እያጉረመረመች ተመለሰች።

የገቡበት መንገድ ግን አልነበረም። የመጨረሻው የበረዶ ጋሪ ሲገባ ነጋዴዎቹ ጠረጴዛቸውን ወደ መሃል አውጥተው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገጥመው፣ ሰርዲን ደርድረውበታል።

«ያንሱት ይበሏቸው» አለች ቤሪል።

ጋስፓሬ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ገበያው ሳያበቃ አይነሳም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

«እና በየት ነው የምንወጣው?»

ጋስፓሬ በአገጩ ከፏፏቴው ጎን ወዳለው ደረጃ አመለከተ። በረዶ ሲገፉ የነበሩት ሁለቱ ባለ ጎማ ቦቲ ሰዎች ከደረጃው ሥር እጃቸውን ታጥበው በሽርጣቸው እያደራረቁ ነበር። ክሊፍ ሰማዩን ያያል።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ቤሪል፤ እርስዎ ማለቱ እዚያው ላይ ቀረ። «ደረጃ የለውም አላልከኝም?»

«ብያለሁ ሲኞራ» አለ ጋስፓሬ። «የጠየቁኝ መግቢያውን ነበር።»