ከቆምኩበት

ልጅቱን ሰፈሩ ሁሉ ቶሎቶሎ ይላታል፤ ስትናገርም ስትሮጥም ፋታ የላትም። ንባብ ላይ ግን እግሯ ይተሳሰራል። ሁለተኛ ክፍልን አንዴ ደግማዋለች፤ ሐሙስ የቋንቋ ምዘና አለ፤ ከወደቀች ለሦስተኛ ዓመት እዚያው ልትቀመጥ ነው።

እናቷ የሆስፒታል አንሶላ ተኳሽ ናት። ፊደል የቆጠረችው ዘንድሮ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስለዚህ ልጇን በምታውቀው መንገድ አስጠናቻት። እሷን ራሷን አባቷ ቁርኣን ያስቀሯት በጆሮ ነበር፤ ሦስት ጊዜ መስማት፣ ሦስት ጊዜ ማለት። የጎረቤት ልጅ የመለማመጃውን መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ቶሎቶሎ ትከተላለች። በወሩ ልጅቱ መጽሐፉን እንደ ውሃ ጠጣችው።

ሰኞ ከሰዓት እናት ዩኒፎርም እየተኮሰች ታዳምጣታለች። በልጅቱ ንባብ ጉድጓድ የገባው ዝሆን ወጣ፣ ቤቱ ደረሰ፣ ተኛ። ታሪኩ ሁለት ገጽ ነው፤ ገጹ ግን አልተገለበጠም።

እናት ካውያውን አቁማ መሃል ላይ ያለች አንዲት ቃል በጣቷ ነካች።

«ይቺ ምን ትላለች?»

የልጅቱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «አንድ ቀን አንድ ዝሆን...»

«ይቺን ብቻ።»

«ከላይ ካልጀመርኩ አይመጣልኝም፣ እማ።»

እናት ነገሩን ታውቀዋለች። እሷም የቁርኣኑን ሱራ ከመሃል በይ ቢሏት ከላይ ካልጀመረች አይመጣላትም። ሐሙስ ደግሞ የሚሰጣት ታይቶ የማይታወቅ ገጽ ነው።

ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ መድረሳው ሄደች። ቁርኣን አስተማሪው ኡስታዝ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት!»

«አስተግፊሩላህ! ምን አድርገሻት?»

ነገረቻቸው።

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ፤ ስሟም ያው ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «በጆሮ መያዝ ክፉ አይደለም፣ እህቴ፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ዓይኗ ግን ሥራ ፈትቷል። መንተባተብ ታፍራለች?»

«ይስቁባታላ።»

«ነቢያችን፣ የአላህ ሰላት እና ሰላም በእሳቸው ላይ ይሁን፣ ቁርኣንን እየተንተባተበ፣ እየከበደው ለሚቀራ ሁለት ምንዳ አለው ብለዋል። ሐዲሱ ስለ ቁርኣን ነው፤ የትምህርት ቤት ፈተና ላይ ልለጥፈው አልደፍርም። ግን አላህ ያልናቀውን መንተባተብ እኛ ለምን እናፍርበት? አንቺስ እሷ ፊት አንብበሽ ታውቂያለሽ?»

እናት የጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን ልጅቱ እንዳታየው ዱቄት ማስቀመጫው ሥር ነው የምትደብቀው።

ቤት እንደገባች ባዶ የሳሙና ካርቶን አነሳች፤ ሁለቱም አንብበውት አያውቁም። «ቢስሚላህ። ሳ... ሙናውን... ል... ልጆች...»

ቶሎቶሎ በሳቅ ፈረሰች። «እማ፣ እንደ አሮጌ መኪና እኮ ነው የምትነሺው!»

«እንግዲያው ግፊኝ።»

ጆሮዋ ጋለ፤ ግን አላቆመችም። «...ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ። ያንቺ ተራ።»

ሦስት ቀን ሙሉ በጆሯቸው ያልሰሙትን ሁሉ አነበቡ፦ የመድኃኒት ካርቶን፣ የመብራት ቢል፣ የሱቅ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ። አንዳንዱን ቃል ሁለቱም አልቻሉትም፤ ተያይተው ወደ ቀጣዩ አለፉ።

ሐሙስ እናት ከክፍሉ ውጭ ቆማ በመስኮቱ መስታወት አየቻት። ልጅቱ ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ ቀረች። እናት ከንፈሯን ነከሰች፤ ዱዓው እንኳ ጠፋባት። ከዚያ ትንሿ ጣት ወረቀቱ ላይ አረፈችና መሄድ ጀመረች፤ ቆመች፣ ሄደች፣ ደግሞ ቆመች።

«ስምንት ጊዜ ቆምኩ፣ እማ» አለች ስትወጣ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ከላይ ጀመርሽ?»

«አይ። ከቆምኩበት።»

ከሰዓት መምህርቷ የውጤቱን ወረቀት ይዘው ወጡ። «ላንብብልዎት?»

«ግድ የለም፣ እኔው ልሞክር።» ከኋላዋ ሌሎች ወላጆች ተሰልፈዋል። «ተማሪዋ... ወ... ወደ ሦስ... ተኛ...»

ድምፅዋ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ቶሎቶሎ በእናቷ ክንድ ሥር አንገቷን አስግጋ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ እናቷ ከቆመችበትም ቀጠለች።

«ክፍል... ተ... ተዛውራለች።»