የአክስቷ ክፍል

በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ከላውንደሪው ጎን፣ ማንም የማይፈልጋት ክፍል ነበረች። የተቀደዱ አንሶላዎችና እድፋቸው አልለቅ ያለ ፎጣዎች ይከመሩባታል። መስኮቷ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ በእሱ የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ማንም የማይፈልገው ነገር ደግሞ ሰላም አለው፤ ጣጣው የሚመጣው አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ሲፈልገው ነው።

መርፌ እዚያ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። መርፌ ያሏት ቀጭን ስለሆነች ነው ይላሉ፤ አንድ ቀን ያናገራት ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ እንደሆነ ያውቃል። ሥራውን ያስገኘችላት አክስቷ ናት። አክስቷ ልብስ ተኳሽ ናት፤ የእሷን ሸሚዝ አተኳኮስ ያየ ሰው ዞሮ የራሱን ልብስ ሲያይ ያፍራል።

ይህች አክስት ባሏ ከሞተ ወዲህ ልቧ አልቀመጥ ብሏት ነበር። ቁጭ ባለችበት ይሮጣል። ካውያውን ነቅላ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ታያለች፤ አላምን ብላ እንደገና ተመልሳ ታያለች። ማታ ጣራው ላይ እንዳፈጠጠች ይነጋል። ሐኪሙ መረመራትና፣ «ልብሽ ደህና ነው፤ ያደከመሽ ሐሳብ ነው። በየቀኑ ትንሽ ቁጭ በይና ትንፋሽሽ ሲገባ ሲወጣ ተመልከቺ። ሐሳብ ሲመጣ አትጣዪው፣ አትከተዪውም፤ ዝም ብለሽ ወደ ትንፋሽሽ ተመለሺ» አላት።

«ሐኪም ቤት ሄደሽ መተንፈስ ታዘዘልሽ?» አለች መርፌ። «እስካሁን በምን ነበር የምትኖሪው?»

«ሂጂ ወዲያ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቷ በምሳ ሰዓት ወደዚያች ክፍል እየገባች፣ የፎጣ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ ዐይኗን ትጨፍናለች።

«ተኛሽ?» አለች መርፌ አንድ ቀን በበሩ አንገቷን አስግጋ።

«ትንፋሼን እያየሁ ነው።»

«መልኩ ምን ይመስላል?»

«አንቺ ዝም ስትዪ ነው የሚታየው።»

መርፌ ስቃ ሄደች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም፤ ነገሩ ሠራ። ተአምር አልነበረም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው። አክስቷ መጀመሪያ ካውያውን አንዴ ብቻ አይታ መውጣት ጀመረች። ቀጥሎ እንቅልፍ ወሰዳት። ኋላ ደግሞ ሸሚዝ እየተኮሰች ስለ ባሏ አወራች፤ ሳትንቀጠቀጥ፣ ማንኮራፋቱን ሳይቀር እያስመሰለች።

«ሐዘኑ የት ሄደ ታዲያ?» አለቻት መርፌ።

«የትም አልሄደም። አብሮኝ ይቀመጣል፤ አንገቴን ግን አያንቀኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ብቅ ያለው እንግዲህ ይኼኔ ነው። ላውንደሪ ውስጥ ጋሼ ከረባት ይሉታል፤ ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ቦታ እንኳ አላልቶት ስለማያውቅ። መጣና ፎጣውን ሁሉ ከደረጃ ሥር አስጣለ። ግድግዳው ነጭ ተቀባ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍና መከዳ ተደረደረ፣ በሩ ላይ «የጥሞና ክፍል። ለእንግዶች ብቻ። ጸጥታ ይከበር» የሚል ተለጠፈ። እንግዶቹ ጭንቀት አለባቸው አሉ። ጭንቀታቸውን የሚያረግብ ቦታ ተፈልጎ ተፈልጎ፣ የተገኘው የአክስቷ ሰላም ነው።

«ጋሼ፣ አክስቴ የት ትቀመጥ?» አለች መርፌ።

«ሥራ ቦታ መቀመጫ ነው?»

«እንግዶቹ ሊቆሙበት ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡማ አፍ ትቶ ክፍላችን ገብቷል።»

አክስቷ ከኋላ ቀሚሷን ጎተተቻት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ጋሼ ከረባት ግን አጥሩን መነቅነቅ አይደለም፣ ነቅሎ ነው የሄደው።

አክስቷ ሌላ ቦታ ሞከረች። ማድረቂያው አጠገብ ስትቀመጥ ማሽኑ ጥርሷን ያንቀጫቅጨዋል። መጸዳጃ ቤት ስትገባ በር ይንኳኳል። ደረጃ ሥር ስትሆን የሚያልፈው ሁሉ «አመመሽ እንዴ?» ይላታል። ልቧ እንደገና መሮጥ ጀመረ። አንድ ቀን ሐሳብ ይዟት ጭልጥ አለና ካውያውን የእንግዳ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ረሳችው።

ጋሼ ከረባት የተቃጠለውን ሸሚዝ አንጠልጥሎ መጣ። «አንድ ሌላ ብታቃጥዪ ካውያውን አስረክበሽ ትሄጃለሽ። ሐሳብሽን ሰብስቢ።»

ሐሳብሽን ሰብስቢ አላት፤ መሰብሰቢያዋን ነጥቆ። የመርፌ ደም ፈላ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት የአክስቷን ክንድ ይዛ ጎተተች።

«ወዴት ነው?»

«ሐሳብሽን ልትሰበስቢ።»

«ልታስባርሪኝ ነው?»

«መባረርሽ ካልቀረ ተቀምጠሽ ተባረሪ።»

ክፍሉ ውስጥ እንግዶች ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። አሠልጣኟ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት፣ «ትንፋሻችሁን አትግፉት፤ ዝም ብላችሁ አጅቡት» ትላለች። ጋሼ ከረባት ጥግ ላይ ቆሟል፤ የተገለጠው የእሱ ዐይን ብቻ ነው። አክስትና ልጅ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ባዶ መከዳ ላይ ተቀመጡ።

አሁን ምን ይበል? መጮህ አይችልም። ራሱ የለጠፈው ጸጥታ ጉሮሮውን ይዞታል። በእጁ «ውጡ» አለ፤ መርፌ በአገጯ ክፍት በሆነው በር ላይ ያለውን «ጸጥታ ይከበር» አሳየችው። ጣቱን እንደ ቢላ አንገቱ ላይ አሳለፈ፤ መርፌ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፊቱ ከከረባቱ በላይ ቀላ። አክስቷ ይህን ሁሉ አላየችም። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ለብዙ ቀን ጆሮዋ ሥር ሰቅላው እንደኖረች መርፌ ገና ያኔ አየች።

እንግዶቹ ሲወጡ ጋሼ ከረባት በሩ ላይ ያዛቸው። «ለእንግዶች ብቻ ይላል። ማንበብ አትችሉም?»

መርፌ አፏን ስትከፍት አክስቷ ቀደመቻት። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ። ግን እንግዳ የማይገባበት ቀን ይበዛል። ባዶ በሆነ ቀን፣ በምሳ ሰዓቴ ልቀመጥበት። ሸሚዝ እንዳይቃጠል የሚፈልጉት እርስዎ ነዎት።»

«በእኔ በኩል ችግር የለም» አለች አሠልጣኟ ጫማዋን እያጠለቀች። «ነገም ማንም የለበትም።»

«እናያለን» አለ ጋሼ ከረባት።

እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ ሰው ፊት መከልከል ያሳፈረው ሰው የሚናገረው ነው። በማግስቱ ሲመጡ በሩ ተቆልፏል። ባዶ ክፍል፣ ባዶ መከዳ፣ ቁልፍ።

አክስቷ ቁልፉን አየችው። ከዚያ እንግዶች ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያልፉበት ኮሪደር፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ልሂድና ልንገረው» አለች መርፌ።

«ተቀመጪ።»

«አክስቴ፣ ተናድጃለሁ።»

«አውቃለሁ። እንደተናደድሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ዐይኗን ጨፍና ትንፋሿን ፈለገች፤ ያገኘችው ንዴት ነው። ደረቷ ላይ እንደ ጋለ ካውያ ተጥዷል። አልተጣላችውም፣ አልተከተለችውምም፤ እዚያው እንዳለ አየችው። ንዴቱ አልሄደም፤ ለምን ይሄዳል፣ እውነት ይዟል። ሄዳ ልትዘረግፈው ያሰበችው ስድብ ሁሉ ግን ቀስ ብሎ ተራግፎ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ከዚህ አልነሳም።

እግሮች መጥተው ቆሙ። «ለምን መሬት ላይ ተቀመጣችሁ?» አለ የአንድ እንግዳ ድምፅ።

«ስለተቆለፈ» አለች አክስቷ ዐይኗን ሳትገልጥ።

ሌላ እግር ቆመ። ሌላም። እርስ በርስ መንሾካሾክ ጀመሩ። ኋላ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚጣደፍ ጫማ መጣ፤ ቁልፎች ተንቀጫቀጩ።

«በቃ፣ ተነሱ፣ ልክፈት» አለ ጋሼ ከረባት፣ እንግዶቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዋጥ አድርጎ።

አክስቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ሳትቸኩል ለቀቀችው። ዐይኗን አልገለጠችም። መርፌም አልገለጠችም። ይጠብቅ።