ጭምቷ ሕፃን

ወይዘሮ ፈንታነሽ በአራስ ቤት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ምራታቸው መሠረት ሴት ልጅ በተገላገለች ማግስት መስኮቱን በጋቢ ጋረዱት፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። ሰማንያ ቀን ሞልቶ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ሕፃኗን ፀሐይ የሚባል ነገር አያያትም። ሰው ቢስቅባቸውም ግድ የላቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ደብረ ታቦር ላይ ደህና ፀሐይ በወጣበት ቀን ደጅ ይዘውት ወጥተው፣ በዚያው ሳምንት ታሞ ሞቶባቸዋል። ምች ነው የመታው ተባለ ያኔ። ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈው፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

የልጅ ልጃቸው ታዲያ ሲያቅፏት ፊታቸውን አታይም። ዓይኗ ዝም ብሎ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል።

«ጭምት ናት» ይላሉ ለጠያቂው ሁሉ፣ ደስ እያላቸው። «የሰው ዓይን ዓይን አታይም። የጨዋ ልጅ!»

በአርባ ሁለተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዓለሚቱ ሕፃኗን ልትመዝን መጣች። በጨለማው ስትደናበር ቆይታ የስልኳን መብራት አበራች። ብርሃኑ የሕፃኗ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ጥቁር መሆን የነበረበት የዓይኗ ብሌን ነጭ ሆኖ ታየ። ሁለቱም።

«እማማ፣ ይህ የዓይን ሞራ ነው» አለች ዓለሚቱ። «አብሯት የተወለደ ነው። ቶሎ ሐኪም ይየው።»

«ሰማንያዋ ይሙላና እንወስዳታለን።»

«አይሆንም እማማ። ዓይን ማየት የሚማረው አሁን ነው፣ ብርሃን ሲገባበት። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሞራው ቢነሣላት እንኳ ላታይ ትችላለች።»

ፈንታነሽ ጋቢውን ቀና ብለው አዩት። «ጨለማው ነው ያመጣባት?» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ጨለማውስ አላመጣባትም። ደበቀብን እንጂ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ይሻው ገሠገሡ። እውነቱን ለመናገር፣ «ሰማንያው ሳይሞላ ወይ ፍንክች» እንዲሏቸው ፈልገው ነበር። መምሬ ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰማንያው ቀን የጥምቀት ነው፣ ልጄ። ጋቢውን ማን ሰቀለው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ አንቺው አውርጂው።»

አወረዱት። ሕፃኗን በዚያው ጋቢ ጠቅልለው፣ ከመሠረት ጋር ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሐሙሲት ሲደርሱ ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። የፈንታነሽ እጅ የሕፃኗን ፊት ሊሸፍን ተነሣ። ከዚያ የሞተው ልጃቸው ትዝ እያላቸው፣ እያስጨነቃቸውም፣ እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ሞራው በሁለት ዙር ተነሣላት። ሐኪሙ በላስቲክ የሚታሰር ወፍራም መነጽር አደረገላትና፣ «እንግዲህ ጠብቁ፤ ዓይኗ ገና መማሩ ነው» አላቸው። ጠበቁ። ቀናት አለፉ፤ ዓይኗ ያው ይዋልላል። ፈንታነሽ እህል አልወርድ አላቸው።

ሰማንያው በሞላ ጠዋት፣ ለክርስትናው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሕፃኗ ላይ ጎንበስ አሉ። ዓይኗ መዋለሉን ተወ። ፈንታነሽ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄዱ። ተከተለቻቸው። ወደ ቀኝ ተመለሱ። አሁንም ተከተለቻቸው፤ አፍጥጣ፣ ያለ አንዳች እፍረት።

«መሠረት! ኧረ ነይ እያት!» ብለው ጮኹ፣ እንባቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ። «ይቺ ዓይን አውጣ!»