ሰባት ቤት ቆጠራ

ባሕር ዳር ያያቸው ሐኪም «የመርሳት በሽታ ነው፤ ግን ገና ጅምሩ ነው» ካለ ወዲህ፣ ለአቶ ደምለው ቢቸና በሙሉ ፈታኝ ሆነባቸው። ገበያ ሲወጡ «ጋሼ፣ አወቁኝ?»፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «እስቲ እኔ ማን ነኝ?»። ጎረቤታቸው ሉሊትማ ጠዋት ጠይቃ ማታ ትደግመዋለች።

«ስምሽ ጠፍቶሽ ከሆነ ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ» አሏት አንድ ቀን። ይሄም ከበሽታው ተቆጠረ።

የወንድማቸው ልጅ ምናለ ከሞጣ ልጅ ወዶ ሽማግሌ ሲመረጥ፣ ታላቅ አጎት ሆነው ሳሉ ተዘለሉ። ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ጋቢያቸውን ለብሰው ሽማግሌዎቹን ሞጣ በሚወስደው መኪና ውስጥ ቀድመው ተገኙ። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ቃላቸው እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ቃል እንዲሰማላቸው።

«እሺ» አለ የአጎታቸው ልጅ ታዘበው፤ «ግን ጋሼ፣ እዚያ ዝም ነው።»

«ዝም በሉ መባሌን ብረሳውስ?»

ማንም አልሳቀም።

ሞጣ፣ ከልጅቱ ከወይንእሸት አባት ቤት ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ካሉ በኋላ ዘር መቁጠር ተጀመረ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። ታዘበው በምናለ አባት እናት በኩል ሲደርስ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር።

«እናታችንን የወለደች ይርጋነሽ ናት» አሉ ደምለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ይርጋነሽን የወለደች ስሜነሽ፤ የዚሁ የሞጣ ሰው። ሌላዋ ልጇ አስናቀች ደግሞ...» ወደ ልጅቱ አያት ወደ እመት አየሁሽ ዞሩ። «እርስዎን ወልዳለች።»

አምስት ቤት። ሰባት አልሞላም።

ታዘበው ፈጠን ብሎ «ይቅርታ አድርጉልን፤ ጋሼን ያማቸዋል። የመርሳት በሽታ ነው» አለ።

ሁሉም እፎይ አለ። አንዱ ለደምለው ውሃ አቀበላቸው።

«ቁርሴ ምን እንደነበር አላውቅም» አሉ ብርጭቆውን እየመለሱ፤ «ስሜነሽን ግን አውቃለሁ። ዘር ትቆጥሩ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ካልሆነም ተዉት!»

«ጋሼ፣ በቃዎት።»

«አልበቃኝም!»

«ልክ ነው» አሉ እመት አየሁሽ። «ስሜነሽ አያቴ ናት።»

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?» አለ የልጅቱ አባት።

«አውቅ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ የሚያስታውሰው ሁሉ ሞቷል ብዬ ዝም አልሁ።» ደምለውን ገላመጧቸው። «አንተ ደግሞ ታምሟል አልተባልህም? ምን ያለ በሽታ ነው ይሄ!»

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ከደምለው ጎን የተቀመጠ የለም። ምናለ ሲደውል ታዘበው ስልኩን ሳያነሳው ወደ ኋላ አቀበለ። «እርስዎው ይንገሩት።»

«አጎቴ፣ እንዴት ሆነ?» አለ ልጁ።

ደምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቁጭ ብለህ ስማኝ» አሉት፤ «አንዴ ነው የምናገረው።»