የአቶ እንደሻው መቀስ

ሙሉመቤትን ያላመሰገነ አፍ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ሴት ከሴት ስትጣላ እንኳ «ኤዲያ፣ አንቺ ደግሞ ሙሉመቤት የሆንሽ መሰለሽ!» ትባባል ነበር። ባሏ አቶ እንደሻው አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ስሟ ከታቦት ስም ቀጥሎ ይጠራ ጀመር። እሷም፣ ምን ይደበቃል፣ ምስጋናውን ወዳዋለች። ጠያቂ መጥቶ «አይ ትዕግስት! አይ ሚስት!» ሲል አንገቷን ትደፋና «ኧረ ምን አደረግሁና» ትላለች። ጠያቂው ሲወጣ ግን ቃሉን እንደ ከረሜላ ስትመጠው ትውላለች። ምን ታድርግ? ከዚያ ሌላ የሚጣፍጥ ነገር በቤቱ አልነበረም።

አቶ እንደሻው ልብስ ሰፊ ነበሩ። መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ፣ የስፌት መኪናዎች ግራና ቀኝ ሲንጫጩ በሚውሉበት፣ የክት ኮት ያማረው ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መኪናቸውን እየረገጡ ሳሉ ወደ ጎን ዘንበል አሉ፤ ጎረቤት ሰፊዎች ተሸክመው ቤት አስገቧቸው። ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ፣ ምላሳቸው ታሰረ። ሐኪም ቤት ከርመው «ከእንግዲህ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟቸው» ተባለ። የቀረላቸው ዓይናቸው፣ ግራ እጃቸውና ጆሯቸው ነው። ጆሯቸውን ልብ በሉልኝ፤ ደህና ነበር። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ።

የሚኖሩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ እማማ ሩቂያ ግቢ በኪራይ ነው። እማማ ሩቂያ የግቢው ባለቤት፣ የሐረሪ ባልቴት ናቸው፤ በራቸው ከሙሉመቤት በር ፊት ለፊት ነው። ከግቢው ግንብ ማዶ ደግሞ ወይንሸት አለች፤ ለቅሶም ሠርግም ላይ ቀድማ የምትገኝ፣ ድምፅዋ ሐኪም የሚባለው ተራራ ድረስ የሚሰማ ሴት።

ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ከአቶ እንደሻው ያልተለየው ትልቁ የብረት መቀሳቸው ብቻ ነበር። ሙሉመቤት ናት አምጥታ ግራ እጃቸው ሥር ያኖረችላቸው። «ሲፈልጉኝ በዚህ የአልጋውን ብረት መታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ መላ ነበር። ቀጭ ቀጭ ሲል ውሃ ጠምቷቸው ነው። ቀጭ ቀጭ ሲል አገላብጪኝ ነው። ቀጭ ቀጭ ሲል ዝንብ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይደለም፤ ከማድቤት እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ ስትደርስ ያዩዋትና በዚያች በተጣመመች አፋቸው ፈገግ ይላሉ፣ በቃ። ይኼኛው ነበር የሚያበግናት። «አቤት» እያለች ትሮጥ የነበረችው ሴት፣ እያደር «ደግሞ ምንድን ነው!» ማለት ጀመረች። ሰው ባለበት ግን ያው «አቤት ጌታዬ» ነው።

ጉዱ የመጣው በበጋ ነው። የሐረርን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቧንቧው እፍ ብሎ ይቀራል። ሙሉመቤት ከአህያ ነጂዎች ጋር ተጨቃጭቃ ሁለት ቆርቆሮ ውሃ አገኘች። በዚያ ውሃ አንሶላውን አጠበች፣ ባሏን አጠበች፣ የነጣ ሸሚዝ አለበሰች። ወይንሸት በግንቡ በኩል ብቅ ብላ «እሰይ ሙሉዬ፣ ሙሽራ አስመሰልሻቸው!» አለቻት፤ ደስ አላት። ደስታው ብዙም አልቆየ። አንሶላው ሳይሞቅ ቆሸሸ። ጥርሷን ነክሳ ለወጠች። መቀሱ ጮኸ፤ ሄደች፤ ምንም የለም። ደግሞ ጮኸ፤ ሄደች፤ ምንም የለም። በቀረችው ውሃ አጥሚት ሠርታ ልታጎርሳቸው ስትቀመጥ ያቺ ደህና እጅ ተወራጨችና ሳህኑን ገለበጠችው። አጥሚቱ በሸሚዙም፣ በአንሶላውም፣ በሙሉመቤት ቀሚስም ፈሰሰ። እሷ ጎንበስ ብላ ስትጠርግ፣ ከጆሮዋ ሥር መቀሱ ቀጭ ቀጭ አለ።

«አንተ!» አለቻቸው።

በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንቱ እንጂ አንተ ብላቸው አታውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አንዴ ካመለጠ በኋላ ማን ይመልሰው። «አንተ ሰውዬ፣ ምነው ሞተህ ባረፍኩ! ምነው እግዜር በገላገለኝ!» መቀሱን ልትቀማቸው ያዘች፤ እሳቸውም ያዙ። ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ወሰደችና በበሩ ወደ ግቢ ወረወረችው። ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ አስተጋባ። ከዚያ ደፉ ላይ ዘፍ ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «ኡኡ! ኡኡ! ወይኔ ሙሉመቤት!» ብላ ጮኸች።

ለራሷ ነበር የጮኸችው። ድካሟን፣ ደግሞም ያቺን ከአፏ የወጣችውን ቃል። ግን የበሽተኛ ቤት ኡኡታ ምን ሁለት ትርጉም አለው? ሰፈሩ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ የከረመው ይህንኑ ነው።

ከግንቡ ማዶ «ወይኔ ጋሼ እንደሻው! ወይኔ ወንድሜን!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ወይንሸት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ ሥራ ወዳድ ሰው ነው፤ ሟቹ ማን እንደሆነ እንጂ ሞቶ እንደሆነ አይጠይቅም። «ልብስ ሰፊው አቶ እንደሻው ስላረፉ፣ የእድር አባል ሁሉ ውጣ!» እያለ በየጠባቡ መንገድ ሲነፋ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ወንዶቹ የድንኳን ቋሚ ተሸክመው በበሩ ይታገሉ ጀመር።

ሙሉመቤት ከደፉ አልተነሣችም። ወይንሸት ግቢው መሃል ቆማ ሙሾውን አወረደችው።

«ጠዋት ማታ ማጠብ፣ ማገላበጥሽ፣
ሞት መች ይሉኝታ አለው፣ እንዲያው ቀማሽ!»

ሴቶቹ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ተቀበሏት። ሟች የተባሉት ሰው ከግድግዳው ወዲያ፣ አጥሚት ደረታቸው ላይ እየደረቀ፣ ይህን ሁሉ ያዳምጣሉ። ሙሉመቤት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የእድሩ ዳኛ አቶ አሰፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቧት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ሙሉመቤት። ቄሱ ዘንድ ሰው ልከናል። ለመሆኑ ተገነዙ?»

እንግዲህ ምን ትበል? «አልሞቱም፣ ሙት ብዬ እየጮኽኩባቸው ነው» ትበል? ያ ሁሉ ዓይን እያያት? ምላሷ የቀለላትን መረጠች።

«አልሞቱም» አለች። «ትንፋሻቸው ጠፍቶብኝ ነው የጮኽኩት። ሄደው ነበር። ኋላ… ኋላ ተመለሱ።»

ወይንሸት ከሙሾው ወደ እልልታ ስትሻገር ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። «እልል! ጸሎቷ ነው! የሚስት ጸሎት ነው የመለሳቸው!» ሕዝቡ ገንፍሎ ገባ። ግንባራቸውን የሚስም፣ እጃቸውን የሚስም፣ እግራቸውን የሚዳስስ። «ጋሼ እንደሻው፣ ለሚስትዎ ሲል ነው የማረዎት!» ይሏቸዋል። አቶ እንደሻው ዓይናቸውን ከሰው ሰው እያዘዋወሩ አዩና መጨረሻ እሷ ላይ አሳረፉት። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቻለችው። ቁጣ አልነበረም። ቤት የተሳሳተ እንግዳ ባለቤቷን እንደሚያይ፣ እፍር ብለው አዩዋት፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ደክሟቸው ነው» አለች ሙሉመቤት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል።

ሰው ሲበተን እማማ ሩቂያ ቀሩ። ከሻሻቸው ሥር መቀሱን አወጡና ሰጧት።

«ደጄ ላይ ወደቀ» አሏት።

ሙሉመቤት ፊቷ ተቃጠለ። «ሰሙ፣ እማማ?»

«ግቢው አንድ፣ በሩ ክፍት። ወላሂ፣ ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ለሰው እንዳይነግሩብኝ፣ በሞቴ!»

«እኔ ምን አገባኝ። አላህ ሶብሩን፣ ትዕግስቱን ይስጣት ብዬ ዱዓ አደርግልሻለሁ። ግን ልጄ፣ ምነው እኔን ትለምኛለሽ? እኔን አይደለ ሙት ያልሽው።» ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሙሉመቤት መቀሱን አጥባ፣ በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ ወሰደችላቸው። «ይኸው መቀስዎ» አለች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። «ሲፈልጉኝ እንደ ልማድዎ…» መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ጣቶቹ አልታጠፉም። ቅድም ስትፈለቅቅ የቧጠጠችው ጣት ላይ ቀይ መስመር ወጥቶ ነበር። መቀሱ ተንሸራቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተችና «እሺ፣ ይረፉ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲያ መቀሱ አልጮኸም።

መጀመሪያ፣ አምላክ ይቅር ይበላት፣ ደስ ብሏት ነበር። ማድቤት ተቀምጣ ሽንኩርቷን ሳትቋረጥ ከተፈች። ቆይታ ስትገባ ግን ከታች እስከ ላይ ርሰው፣ ብርድ ልብሱ ወድቆ፣ እየተንቀጠቀጡ አገኘቻቸው። ከመቼ ጀምሮ? ማን ያውቃል። መቀሱ እዚያው አጠገባቸው ነው። ከንፈራቸው ላይ ዝንብ ሰፍሮ፣ ያቺ ደህና እጅ ብርድ ልብስ ሥር ገብታ ተሸሽጋለች። ስታጎርሳቸው ይጎርሳሉ። ስታገላብጣቸው ይገለበጣሉ። ባይሰጧቸው አይጠይቁም። ሰው ቤት እንዳስቸገረ ድሃ ዘመድ ሆኑባት፣ በገዛ ቤታቸው።

አንድ ጊዜ ምራቃቸው ትን ብሏቸው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ደረሰችባቸው። ያኔም አልጠሯትም። የዚያን ዕለት ገባት። ሙት ብላቸዋለች፤ እሳቸውም ዝም ብለው እየታዘዟት ነው። አንድ ቀን እሷ ማድቤት ሆና፣ ሳይጠሯት ያልቃሉ።

ተአምሩ ግን ሰፈሩን አልፎ ሄደ። ከሶፊ ገጠር ድረስ የድሮ ደንበኛ የሆነ ገበሬ ጎመንና ቃሪያ ይዞ ሊያያቸው መጣ። ወይንሸት ታሪኩን በየደጁ ስታወራ እያሳመረችው ሄደች፤ ነጭ ርግብ ጣራው ላይ አርፋ ነበር እስከ ማለት ደርሳለች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሙሉመቤት ደጋግማ ትመሰገናለች። ያ ከረሜላ የነበረው ቃል አሁን ሬት ሆነባት። ምስጋናው ሁሉ የሚወርደው በባሏ ጆሮ ላይ ነዋ! እሷ ስትወደስ እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ያዳምጣሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይንሸት የእድሩን ሴቶች አስከትላ መጣች፤ አቶ አሰፋም አሉበት። እማማ ሩቂያ ሆጃቸውን፣ ያን በወተት የፈላ የቡና ቅጠል፣ ለእንግዶቹ ይዘው ገብተው በር ሥር ቆመዋል። ወይንሸት ርግቧን ጣራው ላይ አሳርፋ ስታበቃ «እስቲ ሙሉዬ፣ አንቺው ንገሪያቸው» አለች። «ያን ዕለት ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው? እኛም እንማረው!»

ሙሉመቤት ወደ አልጋው ተመለከተች። የባሏን ማጅራት ብቻ ነበር የምታየው። ቀጥኗል፤ አንገትጌው ሰፍቶበታል። ያን አንገትጌ በእጃቸው የሰፉት እሳቸው ናቸው።

«ሙት ነው ያልኩት» አለች።

«እንዴት?» አለች ወይንሸት።

«ትንፋሻቸው አልጠፋም። ምንም አልሆኑም ነበር። አጥሚት ቢደፉብኝ አንተ ብዬ ሰደብኳቸው። ምነው ሞተህ ባረፍኩ አልኳቸው። መቀሳቸውን ከእጃቸው ፈልቅቄ ወረወርኩት። የሰማችሁት ኡኡታ የኔ ነው። ተአምር የለም። ርግብም የለም።»

የሆጃው ስኒ በያለበት ቆመ። አንዷ «ኤዲያ!» አለች። ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወይንሸት ቀላች፣ ጠቆረች፤ በየደጁ ያወራችው ሁሉ ሳይታወሳት አልቀረም። «እኛ እኮ በአንቺ ምለናል» አለችና ተነሥታ ወጣች። አቶ አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «መቼም… ድካም ነው» ብለው ባርኔጣቸውን ደፉ። አንድ በአንድ ሁሉም ወጡ። እማማ ሩቂያ ስኒውን ሰብስበው፣ ሲወጡ ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት። ከሰኞ ጀምሮ ስሟ በየጠባቡ መንገድ እንዴት እንደሚጠራ ሙሉመቤት አላጣችውም።

አልጋው ሥር ተንበረከከች። «ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ ለማጅራቱ። «ከአፌ የወጣውን አውቃለሁ። ያን ዕለት የምር ነበር፣ አልዋሽዎትም። ዛሬ ግን እንዲሞቱብኝ አልፈልግም። ጠርተው ያስቸግሩኝ። በከንቱም ይጥሩኝ።» መቀሱን አንሥታ እጃቸው አጠገብ አኖረችው። አልነኩትም። ጥቂት ጠበቀችና ተነሥታ ወደ ማድቤት ሄደች።

እሳት አነደደች። ጆሮዋን አቁማ ተቀመጠች። ግቢው ጭጭ ብሏል፤ ጠያቂ የለ፣ አመስጋኝ የለ፣ መቀስም የለ። ያ የጠላችው ድምፅ አንዴ ቢሰማ ያላትን ሁሉ በሰጠች። አልተሰማም። መቆየት ሲያቅታት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ ሄደችና በሩ ላይ ቆመች።

«አቤት» አለች።

ማንም አልጠራትም። ትራሱን አቀናችላቸው፣ ከንፈራቸውን አረጠበችላቸው፣ ተመለሰች። ቆየት ብላ ደግሞ መጣች። «አቤት።» ብርድ ልብሱን አስተካከለች፣ ተመለሰች። ወይንሸት ከግንቡ ማዶ «ደግሞ አበደችላችሁ!» ስትል ሰማቻት፤ ግድ አልሰጣትም። ሲጠሯት «ደግሞ ምንድን ነው» ስትል የኖረች ሴት፣ ሳትጠራ አቤት ስትል ዋለች።

ፀሐይዋ ከግንቡ ላይ ስትወርድ እንደገና መጣች። አቶ እንደሻው ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ወደ በሩ እያዩ ነበር። እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቷል፤ መቀሱን ግን አልያዘም። ዓይኗን እንዳትሰብር ታገለች። ሐፍረቱ ጆሮዋ ድረስ ቢያቃጥላትም፣ ቆማ ታየች።

«አቤት፣ ጌታዬ» አለች።